ያላነሳነው ተራ ቀን

የእኛ ዘመን ፎቶ አንሺ ተራ ቀን አላነሳም። ክርስትና አንስተናል፤ ሠርግና ምረቃ፣ የመሥሪያ ቤት ሽኝት፣ የቀበሌ ስብሰባ አንስተናል። ለመታወቂያ፣ ለመንጃ ፈቃድ፣ ለፓስፖርት ብሎ ከፊታችን የተቀመጠውን ሁሉ አገጩን ቀና፣ ትከሻውን ዘና አስደርገን ጉርድ አንስተናል። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ወፍጮ ቤት ደጃፍ ጤፏን አስቀምጣ ወረፋ የምትጠብቀውን ሴት፣ አንበሳ አውቶቡስ በር ላይ የተንጠለጠለውን ተማሪ፣ በረንዳዋ ላይ ቡና የምትቆላውን ጎረቤት ግን አንሱልን ያለን ሰው አልነበረም። ፊልም ደግሞ ያለ አዛዥ አይነካም።

ይህን የምለው ትውልዴን ለመውቀስ አይደለም። ሰፊው 120 ፊልም በካሬው ካሜራ 12 ፎቶ ይሰጣል፤ የ35 ሚሊ ሜትሩ 36። ፊልሙ ከውጭ የሚመጣ፣ ብዙ ጊዜም ከገበያ የሚጠፋ ነገር ስለነበር እያንዳንዷ ፎቶ ገና ሳትነሳ ባለቤት ነበራት። የዚያን ዘመን ደንበኛ «ፊልሙ ገና አላለቀም፤ ሰኞ ይምጡ» የምትለዋን ቃል አይረሳትም። ጥቅሉ እስኪሞላ ሌሎች ተነሺዎች መምጣት ነበረባቸውና የአንዱ ሰው መልክ የሌሎቹን እየጠበቀ ካሜራ ውስጥ ይሰነብታል። በዚህ ላይ በደርግ ጊዜ ካሜራ ይዞ መንገድ ዳር መቆም ራሱ ጥያቄ ያስነሳ ነበር። ድልድይ፣ ሰፈር፣ መሥሪያ ቤት፣ ሰልፍ፤ ለምን አነሳህ፣ ለማን አነሳህ የሚል አይጠፋም። ስለዚህ ካሜራችን ከፎቶ ቤቱ ግድግዳና ከተጠራንበት ድንኳን ብዙም አልራቀም።

እኔ የምናገርለት ትውልድ በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ ዓ.ም. ካሜራ አንግቶ እንጀራውን የበላው ነው። ከእኛ በፊት ሙያውን በከተማው ካቋቋሙት መካከል አርመኖቹ ስማቸው ይነሳል፤ የአፄ ምኒልክ ፎቶ አንሺ የነበሩት ቤድሮስ ቦያጂያንና ከእርሳቸው በኋላ ሥራውን የቀጠሉት ልጆቻቸው ሃይጋዝና ቶርኮም በቤተ መንግሥቱ ታሪክ ውስጥ አሉ። እኛ ወደ ቤተ መንግሥት አልደረስንም። ፎቶ ቤት ተቀጥረን መጀመሪያ ወለል ጠረግን፤ ቀጥሎ የታጠበ ፎቶ አደረቅን፣ ጠርዙን በመቁረጫ ከረከምን፤ ከዚያ ጨለማ ክፍል ገባን። ካሜራውን የነካነው ከሁሉ በኋላ ነው። አሁን ሳስበው ቅደም ተከተሉ ትክክል ነበር። ፎቶ እንዴት እንደሚበላሽ በእጁ ያየ ሰው ጣቱን ከመጫኑ በፊት ያስባል።

ስለ ካሜራዎቹ ሳልናገር አላልፍም፤ እወዳቸዋለሁ። የብዙ ፎቶ ቤት ዋና መሣሪያ ባለ ሁለት ሌንሱ ካሜራ ነበር፤ አቅም ያለው ሮሌይፍሌክስ፣ ሌላው ያሺካ ማት፣ በኋላም ከሶቪየት የመጣው ቀላሉ ሉቢቴል። የላይኛው ሌንስ ለማያ፣ የታችኛው ለፊልሙ ነው። ካሜራውን ደረትህና እምብርትህ መካከል ይዘህ፣ ክዳኑን ከፍተህ፣ ከላይ ወደ ታች ወደ መስታወቱ ትመለከታለህ። ምስሉ ቀኝና ግራው ተገለባብጦ ይታያል። ጀማሪ ሁሉ መጀመሪያ ይምታታል፤ ሰውየው ወደ ቀኝ ሲያዘነብል ካሜራውን ወደ ማዶው ይወስደዋል። ከለመድከው በኋላ ግን የምታየው ሰው አቋም፣ የትከሻው ዝንባሌ፣ የጀርባው ባዶ ቦታ ከተለመደው መልኩ ወጥቶ እንደ አዲስ ይታይሃል።

ከሁሉ የምወደው አንሺውን ጎንበስ ማሰኘቱን ነው። ባለ ሁለት ሌንሱን የያዘ ሰው አንገቱን ሳይደፋ ማንሳት አይችልም። በእኛ አገር ደግሞ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ቄሱን፣ አዛውንቱን፣ ነጠላዋን አጣፍታ የተቀመጠችውን እናት ፊት ለፊት መሣሪያ ደቅኖ ዓይን ዓይን እያዩ ማንሳት የሚከብድበት ጊዜ ነበር። ጎንበስ ብለህ ስታነሳቸው እጅ የነሳሃቸው ያህል ይቆጥሩታል፤ ፊታቸው ይፈታል። ከዚያ ዘመን ፎቶዎች ውስጥ የትልልቅ ሰዎች መልክ ያንን እርጋታ ያገኘው በከፊል ከካሜራው አሠራር ነው ብዬ አምናለሁ። ሌንሱ ዝቅ ብሎ ከደረት ከፍታ ስለሚያይ የተቀመጠን ሰው ከላይ ወደ ታች አያየውም።

ዜኒት ሌላ ታሪክ አለው። በደርግ ዘመን በሺዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች ለትምህርት ወደ ሶቪየት ኅብረትና ወደ ምሥራቅ አውሮፓ ሄደው ነበርና ሲመለሱ ከሻንጣቸው ውስጥ ዜኒት-ኢ ይወጣ ነበር። ከባድ ብረት ነው። ፍጥነቱ ከ1/30 ሰከንድ ጀምሮ እስከ 1/500 ብቻ ነው፤ ሌንሱ ሄሊዮስ፣ 58 ሚሊ ሜትር። ከሌንሱ በላይ ያለችው የብርሃን መለኪያ በሴሌኒየም ስለምትሠራ ባትሪ አትፈልግም። ከዓመታት በኋላ ሴሌኒየሙ ይደክማል፤ የኔዋም ደክማለች፤ ካሜራው ግን ይሠራል። ለብርሃኑ በቃላችን የያዝነው ደንብ አለ፦ በጠራ ፀሐይ አፐርቸሩን 16 ላይ ታደርጋለህ፤ ፍጥነቱን ከፊልሙ ቁጥር ጋር ታቀራርባለህ። 100 አሳ ከሆነ 1/125። ጥላ ውስጥ ከገባህ ሁለት ሦስት እርከን ትከፍታለህ። ከእኛ መካከል የቀናው በኋላ ኒኮን ኤፍ ኤም 2 ገዛ። እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣ፣ ባትሪው ቢያልቅ መለኪያው ብቻ የሚጠፋ፣ ሸተሩ ግን እስከ 1/4000 ሰከንድ ድረስ በመካኒክ የሚሠራ ካሜራ ነው። መብራት በሚጠፋበት፣ ባትሪ በማይገኝበት አገር ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያለፈበት ያውቀዋል።

መመሪያ መጽሐፎቹ የተጻፉት ግን ለሌላ አገር ፀሐይ ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ያህል ላይ ናት። ስለዚህ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ ማብቂያ አካባቢ፣ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ቀጥ ብላ ከአናት በላይ ትቆማለች። የነሐሴውን ደመና ይሸፍነዋል። የሚያዝያው ግን ከፋሲካ ጋር ይጋጠማል፤ ሰው ሁሉ ነጭ በነጭ ለብሶ «አንሱን» የሚልበት ቀን! ግንባር ያበራል፣ ዓይን ጉድጓድ ውስጥ ይጠፋል፣ ከአፍንጫ ሥር ጥቁር ጥላ ይወርዳል። ስለዚህ በዓል ሲሆን ቤተሰቡን ከግቢው መሀል አንስተን ወደ በረንዳው ጥላ፣ ከቆርቆሮው ክፈፍ ሥር እናስጠጋለን። የግቢው አፈር ብርሃኑን ከታች ወደ ፊታቸው ይመልሰዋል። በድሮ አልበም ውስጥ ብዙ የፋሲካ ፎቶ በረንዳ ላይ የተነሳው ለዚህ ነው። የመስከረም ብርሃን ሌላ ነው። ዝናቡ አየሩን አጥቦት፣ አቧራ ሳይኖር፣ ጠዋት ከ1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ያለው ብርሃን ለማንም ፊት ይስማማል።

ነጠላው ደግሞ የሙያችን ፈተና ነበር። የብርሃን መለኪያ የሚያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ነው ብሎ ያስባል። ጠይም ሴት ነጭ ነጠላ ለብሳ ስትቆምለት በነጠላው ንጣት ይታለልና ብርሃን በዛ ይላል፤ እርሱን ያመነ አንሺ ነጠላውን በደንብ አውጥቶ የሴትየዋን ፊት ከሰል ያደርገዋል። እኛ መለኪያውን ወደ ፊቷ አስጠግተን በፊቷ እንወስን ነበር። ፊቷ በነጋቲቩ ላይ በደንብ ይያዛል፤ ነጠላው ከመጠን በላይ ይወፍራል። የቀረውን ጨለማ ክፍል እንጨርሰዋለን። ኢንላርጀሩ ሥር ወረቀቱ ላይ ብርሃን ስናሳርፍ ፊቷን በእጃችን ጋርደን ነጠላውን ብቻ ለተጨማሪ ሰከንዶች እናበራዋለን፤ የጥበቡ ጠርዝ፣ የሽመናው መስመር አንድ በአንድ እስኪወጣ። ይህ ሥራ በፎቶው ጀርባ ላይ አይጻፍም። ነገር ግን የአንድን ፎቶ ቤት ሥራ ከሌላው የምንለየው በዚህ ነበር፤ ፊትና ነጠላ አንድ ላይ የሚታዩበት ቤት ጥሩ ቤት ነው።

ከለር የመጣ ጊዜ ይህ ሥልጣን ከእጃችን ወጣ። ከለር ፊልምና የማተሚያ ማሽኖቹ ለረጅም ጊዜ ልካቸው የሚስተካከለው በነጭ ሴት ፎቶ ነበር፤ በሙያው ዓለም «ሸርሊ ካርድ» ይሉታል። የእርሷ ቆዳ ደህና ከወጣ ማሽኑ ደህና ነው ይባል ነበር። የእኛ ሰው ፊት ከማሽኑ ሲወጣ ወይ አመድማ ይሆናል፣ ወይ ዝርዝሩ ጠፍቶ ይጠቁራል። ካርዱ ልዩ ልዩ መልክ ያላቸውን ሰዎች የጨመረው ዘግይቶ ነው። ጥቁርና ነጩን ዛሬም የሙጥኝ የምንል አሮጌዎች ያለፈ ዘመን ናፍቀን ብቻ አይደለም። የወገናችንን ፊት በልኩ ያወጣንበት፣ ከሌንስ እስከ ወረቀት በእጃችን የነበረ ሥራ ስለሆነ ነው።

ማጠቢያውም በእጃችን ነበር። የተዘጋጀው ፓኬት ሲጠፋ ዲ-76 የሚባለውን ዴቨሎፐር ራሳችን እንቀምማለን። ሜቶል 2 ግራም፣ ሶዲየም ሰልፋይት 100 ግራም፣ ሃይድሮኪኖን 5 ግራም፣ ቦራክስ 2 ግራም፣ ለአንድ ሊትር ውሃ። ይህን ልክ የዚያ ዘመን ሰው ከእንቅልፉ ብትቀሰቅሱት ይነግራችኋል። የፈሳሹ ሙቀት 20 ዲግሪ እንዲሆን ይፈለጋል፤ የአዲስ አበባ የክረምት ጠዋት ውሃ ከዚያ ይቀዘቅዛልና ጠርሙሱን ሙቅ ውሃ ያለበት ባልዲ ውስጥ እናቆመዋለን።

ወደ ጉርድ ፎቶ ልመለስ፤ ከሁሉ የከበደኝ ነገር እዚያ አለ።

ጉርድ የፎቶ ቤት ዳቦ ነው። ማንም ፎቶ አንሺ ጥበቤን አሳየሁበት አይልም። ሰውየው ይገባል፣ ግድግዳው ላይ በተሰቀለችው መስታወት ፀጉሩን ያበጥራል፣ ኮት ከሌለው የፎቶ ቤቱን ኮት ይለብሳል፣ ይቀመጣል፣ ሁለት መብራት፣ «አይርገብገቡ»፣ አለቀ። ተማሪው ለትምህርት ቤት መታወቂያ፣ ሠራተኛው ለመሥሪያ ቤቱ፣ ነዋሪው ለቀበሌው። ነጋቲቩ በካኪ ፖስታ ገብቶ ቁጥር ይጻፍበትና ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል፤ ደንበኛው ቁጥሩን ይዞ ይሄዳል፣ ሌላ አራት ጉርድ ሲፈልግ ይመለሳል።

በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር የሆነውን ማንም አልረሳም። አሰሳ ይመጣል በተባለ ሌሊት መጽሐፉንና ወረቀቱን ያቃጠለ ቤት ብዙ ነው። ከጓደኞች ጋር የተነሱት ፎቶም ሰው ያስጠይቃልና አብሮ ተቃጥሏል። ከዚያ በኋላ ልጆቻቸውን ያጡ እናቶች ወደ ፎቶ ቤት መምጣት ጀመሩ። ደረሰኝ የያዘች አለች፤ ደረሰኝ የሌላት፣ «ልጄ፣ የዛሬ ሁለት ዓመት ለትምህርት ቤት ብሎ እዚህ ተነስቶ ነበር፤ ሰማያዊ ሹራብ ነው የለበሰው» የምትልም አለች። ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ነው፤ ሰማያዊው ሹራብ ግራጫ ነው። እኛ ሣጥኑን አውርደን፣ ፖስታውን እየከፈትን፣ ነጋቲቩን ወደ መስኮቱ ብርሃን እያነሳን ፍለጋ እንገባለን። ተገኝቶ ያተምንላት ጊዜ ከጉርዱ ላይ አሳድገን የግድግዳ ፎቶ እናደርገዋለን። ያንን ጊዜ በፎቶ ቤት ያሳለፈ ባልንጀራ ሁሉ የዚህ ዓይነት ታሪክ አለው፤ ስንገናኝ ብዙ አናወራበትም።

መስቀል አደባባይ ያለው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም በ2002 ዓ.ም. ተከፈተ። የገባ ሰው ፎቶ የተደረደረበትን ግድግዳ አይቶታል። ወጣቶች ናቸው። ለሙያው ሰው ግን ሌላም ነገር ይታየዋል፤ ሁለቱ መብራቶች፣ ባዶው መጋረጃ፣ የተበጠረው ፀጉር፣ ቀና ያለው አገጭ። ብዙዎቹ የፎቶ ቤት ሥራ መሆናቸውን ፊታቸው ላይ ያለው ብርሃን ይናገራል። ማንም ከቁም ነገር ያልጣፈው፣ ለመታወቂያ ተብሎ የተነሳ ፎቶ የአንድ ትውልድ ምስክር ሆኖ ቆመ። እኛ የኮራንባቸው የሠርግ ፎቶዎች፣ ግዮን ሆቴል ግቢና ብሔረ ጽጌ መናፈሻ ውስጥ በአበባ መሀል ያቆምናቸው ሙሽሮች የየቤታቸው ደስታ ናቸው። የሙያችን ትልቁ ሥራ የትኛው እንደነበር የነገረን ግን ያ ግድግዳ ነው።

ያን ካየሁ በኋላ ያላነሳነው ነገር ይከነክነኝ ጀመር። ጉርዱ ይህን ያህል ከተናገረ፣ ልጁ የሄደበት መንገድ፣ የተማረበት ክፍል፣ እናቱ የጋገረችበት ጭስ ቤት ቢነሳ ኖሮስ? ሌላም ነገር አለ። ኬንያዊው መሐመድ አሚን በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ከኮረም ቀርጾ ያወጣውን የረሃብ ምስል ዓለም አየ፤ መታየትም ነበረበት፤ ሰው ያተረፈ ምስል ነው። ሆኖም ለብዙ ዓመት የውጭ ሰው ስለ እኛ የሚያውቀው ያንን ብቻ ሆነ። ከጎኑ የሚቆም የተራ ቀን ፎቶ አልነበረንም። በዚያው ዓመት ሰው ወፍጮ ቤት ወረፋ ይዟል፣ ውይይት ታክሲ ላይ ፊት ለፊት ተቀምጦ ተጨቃጭቋል፣ ልጁን ዩኒፎርም አልብሶ ትምህርት ቤት ልኳል። ያየው አለ፤ ያነሳው ግን ከቁጥር አይገባም።

ለዚህ ነው ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ያሺካዬን ወይም ዜኒቴን አንግቼ በየሰፈሩ የምዞረው። እንደኔ የሚያደርጉ ባልንጀሮች አሉኝ። የምናነሳው የሚያስደንቅ ነገር አይደለም። የወፍጮ ቤቱን ቀበቶና በዱቄት የነጣውን ሠራተኛ፣ የሊስትሮውን ብሩሽና የቀለም ቆርቆሮ፣ ሱቅ በደረቴውን ልጅ ማስቲካና ሶፍት ደርድሮ፣ ቆራሌው «ቆራሌው!» እያለ ከዳገቱ ሲወጣ፣ በዝናብ ጊዜ ሰው ከሱቅ ክፈፍ ሥር ተሰብስቦ ሲጠብቅ፣ ምንጣፍ አጥባ አጥር ላይ የምታሰጣን ሴት።

ሰው ሁሉ ለምን እንደምታነሳው ይጠይቅሃል። አንዷን ሴት «ልጄ፣ እንዲህ እንዳለሽ ላንሳሽ?» ስላት፣ «ውይ ጋሼ፣ በዚህ ልብስ? ይቆዩኝ ልለውጥና ልምጣ!» ትላለች። የእኛው ትውልድ ያስተማራት ነው። ፎቶ ማለት መዘጋጀት፣ ፎቶ ማለት የክት ልብስ መሆኑን ያስለመድናት እኛ ነን። «ለውጠሽ ስትመጪ ሥራሽን ትተሽ ነው የምትመጪው፤ እኔ ደግሞ የምፈልገው ከነሥራሽ ነው» እላታለሁ። አንዳንዷ ትስቃለች፣ አንዳንዷ አይሆንም ትላለች። አይሆንም ካለች አላነሳም። ፎቶውን አሳትሜ ሳመጣላት ደግሞ መጀመሪያ የምታየው ከበስተጀርባዋ ያለውን ነው፤ «ይኼ የእማማ አጥር አይደለም እንዴ!»

አሮጌው ካሜራ በዚህ ሥራ ላይ ያግዛል። ጎንበስ ብሎ መስታወት የሚያይ ሽማግሌ ማንንም አያስፈራም። ሕፃናት ይከቡሃል፣ መስታወቱን ልይ ይላሉ፣ ጓደኛቸው ቀኝና ግራው ተገልብጦ ሲታያቸው ይንጫጫሉ። በዚህ መሀል ተነሺው ሰው ካሜራውን ይረሳዋል። ከ12 ፎቶ ውስጥ አንዱን የሚወስድበት ነገር እስኪያገኝ ድረስ አንሺው ይቆማል፤ ሲቆም ሰፈሩ ይለምደዋል። እኔ ለተራ ቀን ፎቶ ይህን መቆም የሚያህል ነገር አላገኘሁም።

ፊልም ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ሞተ የተባለው ፊልም ግን አልሞተም። ኮዳክ እ.ኤ.አ. በ2012 ኪሳራ አውጆ ፍርድ ቤት ሲገባ አለቀለት ብለን ነበር፤ ትሪ-ኤክስ ፊልሙ ግን ዛሬም ይመረታል፣ የእንግሊዙ ኤች ፒ 5ም እንዲሁ። ፔንታክስ እ.ኤ.አ. በ2024 አዲስ የፊልም ካሜራ አውጥቷል፤ እኔ በሕይወቴ አያለሁ ብዬ ያላሰብኩት ነው። ወደ አዲስ አበባ የሚደርሰው በአብዛኛው በሰው እጅ ነው። ከዋሽንግተን፣ ከፍራንክፈርት የሚመጡ ልጆችና የወንድም ልጆች ያመጡልናል። ለሚያመጡልን ሁሉ አንድ ነገር እንለምናለን፦ ፊልሙን በሻንጣ አታስገቡ፤ በእጃችሁ ያዙ፤ በኤርፖርት ፍተሻም ጊዜ በእጅ እንዲታይላችሁ ጠይቁ። አዲሶቹ የሲቲ ስካነር ማሽኖች ያልታጠበ ፊልምን ያበላሻሉ።

በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ አሮጌ ሰፈሮች ሲፈርሱ የብዙዎቻችን የሥራ ዕድሜ ያለፈባቸው መንገዶች ሄዱ። መፍረሳቸው ትክክል ነው አይደለም የሚለውን ሌሎች ይከራከሩበት። እኔ የማውቀው፣ የፒያሳውን የዶሮ ማነቂያ ቅያሶች የሚያሳይ ፎቶ ሰው ሲፈልግ ከየአልበሙ የሚያገኘው ሙሽሮችን መሆኑን ነው። ከሙሽሮቹ ትከሻ በላይ የምትታየው አንዲት የበር ቁራጭ፣ የአንድ ሱቅ ማስታወቂያ ጫፍ፣ ያቺ ናት ዛሬ የምትፈለገው። ቪንቴጅ አዲስ አበባ በሚል ስም የየቤቱን አልበም አሰባስበው መጽሐፍ ያደረጉት ወጣቶች ያስመሰገናቸው ይህ ዓይን ነው፤ ሰዎች ለራሳቸው ያስቀመጡትን ፎቶ የከተማ ታሪክ አድርገው አዩት።

«ዛሬ ሁሉም ሰው ስልክ ይዟል፤ ተራው ቀን በየደቂቃው እየተነሳ አይደለም ወይ?» የሚሉኝ አሉ። ልክ ናቸው። ወጣቶቹ ከእኛ በተሻለ ተራውን ቀን ያነሱታል፤ ዓይናቸው ነፃ ነው፣ የሚያስፈራቸው የፊልም ዋጋ የለም። በሥራቸው ደስ ይለኛል። የሚያሳስበኝ ወረቀቱ ነው። በእኛ ዘመን ፎቶ ከታተመ በኋላ ይገለበጥና ከጀርባው በብዕር ይጻፍበታል፤ «ለማስታወሻ»፣ ስም፣ ቀን፣ ቦታ። ወደ ውጭ ለሄደው ወንድም በፖስታ የተላከው፣ ለፍቅረኛ የተሰጠው፣ ለእናት የተቀመጠው ሁሉ ጀርባው ላይ ጽሑፍ አለው። ዛሬ አዛውንት ሞቶ ቤቱ ሲከፈት ማን ማን እንደሆነ የምናውቀው በዚያ ጽሑፍ ነው። ስልኩ ሲጠፋ ወይም ሲሰበር የሺህ ቀን ተራ ነገር በአንድ ጊዜ ይሄዳል፤ የተረፈውም ስም የለውም። ስለዚህ ወጣቶቹን የምጠይቃቸው በወር ጥቂት ፎቶ መርጠው እንዲያሳትሙና ጀርባው ላይ እንዲጽፉ ነው። ፊልም እንዲያነሱ አልጠይቅም። ዜኒት ይዘው ለሚመጡት ግን በደስታ አሳያቸዋለሁ፤ አያታቸው ከሞስኮ ወይም ከኪየቭ ያመጣውን ከቁም ሣጥን አውጥተው የሚመጡ አሉ።

ከእኛ የሥራ ባልደረቦች ብዙዎቹ አልፈዋል። ፎቶ ቤቶቻቸው ተዘግተዋል፣ ወይም ፎቶ ኮፒና የሞባይል ካርድ መሸጫ ሆነዋል። ነጋቲቮቹ ግን አሁንም አሉ፤ ከአልጋ ሥር፣ ከዕቃ ቤት፣ ከኮርኒስ በላይ በካርቶን። ልጆቻቸው ምን እንደሆነ ስለማያውቁ አንዳንዱ ለቆራሌው ሄዷል። አባታችሁ ወይም አጎታችሁ ፎቶ ቤት ከነበራቸው፣ እባካችሁ ያንን ካርቶን አውርዱና ክፈቱት። የሆምጣጤ ሽታ ከሸተታችሁ ፊልሙ መበስበስ ጀምሯል ማለት ነው፤ ሽታ ያለውን ከሌላው ለይታችሁ አስቀምጡ፣ ወደ ጤነኛውም ይዛመታልና መጀመሪያ ስካን የሚደረገው እርሱ ይሁን። የቀረውን ከፕላስቲክ አውጥታችሁ በወረቀት ፖስታ፣ እርጥበትና ሙቀት በሌለበት አስቀምጡት፤ ኮርኒስ በላይ አይሆንም፣ ቀን ይግላል፣ ሌሊት ይረጥባል። የድሮውን ካኪ ፖስታ ግን እንዳትጥሉት፤ ቁጥሩና ስሙ የተጻፈው እርሱ ላይ ነው፤ መዝገቡም ከተገኘ ከእርሱ ጋር አብሮ ይቀመጥ።